የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ በአዋቂዎች፦ ከሕፃናት ማቆያ እስከ ሥራ ገበታ

የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ተላላፊ ሕመም በአመዛኙ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሚይዝ በመሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ጤንነት ጉዳይ ተደርጎ ሲወሰድ አይስተዋልም። አንድ ሠራተኛ ልጁ በአፉና በመዳፉ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደወጣበት ቢናገር፣ ጉዳዩን ከቤተሰቡ አልፎ የመሥሪያ ቤቱም አድርጎ የሚመለከት ኃላፊ ጥቂት ነው። ሆኖም ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ወዲህ ከበሽታው አምጪ ቫይረሶች አንዱ አዋቂዎችንም ጠንከር ባለ መልክ መያዝ መጀመሩ፣ በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሕፃናት ማቆያዎች መቋቋማቸውና በ2017 ዓ.ም. የኤምፖክስ በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲታከሉበት፣ ቀላል ተብሎ የቆየው ሕመም በሥራ ገበታ ላይ የሚያስከትለው ጣጣ በአግባቡ ሊታይ የሚገባው ሆኗል።

ለዚህም የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ፣ ጥሩ ማሳያ ነው። የመስቀል አደባባይንና የአፍሪካ አዳራሽን በክልሉ የያዘው ይህ ክፍለ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የፌዴራል መንግሥትና የከተማ አስተዳደሩ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ሆቴሎች፣ እንዲሁም የዘውዲቱ መታሰቢያና የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች የሚገኙበት ነው። የካዛንቺስ ስም ራሱ ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር የተቆራኘ መሆኑ ይታወቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም በምኅጻረ ቃሉ «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተብለው ሲጠሩ ቆይተው ስሙ በከተማው ነዋሪ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀርቷል።

በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት ሥራ በርካታ የካዛንቺስ ነባር ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። አካባቢው ከመኖሪያነቱ ይልቅ የሥራና የአገልግሎት ስፍራነቱ እየጎላ መጥቷል። ማለዳ ከከተማዋ ዳርቻዎች በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ፣ በታክሲና በባቡር ተጉዞ የሚገባው ሠራተኛ ቀኑን በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሊፍትና በአንድ የምግብ አዳራሽ ተሰባስቦ ይውላል። ሕፃን ልጁን ይዞ የሚመጣም አለ። ከአሥር የተለያዩ ሰፈሮች የመጡ ሕፃናት በአንድ የማቆያ ክፍል ሲውሉ፣ ጠዋት ከአንዱ ሰፈር የገባ ቫይረስ ማታ ወደ ሌሎቹ ዘጠኙ ለመሄድ ምቹ መንገድ ያገኛል። በሠፈር ውስጥ ተወስኖ ሊቀር ይችል የነበረ የሕፃናት ሕመም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚሆነውም በዚሁ አኳኋን ነው።

በሽታውን የሚያመጡት ኢንትሮቫይረስ በሚባለው ወገን የሚመደቡ ቫይረሶች ሲሆኑ፣ ከነዚህም መካከል ኮክሳኪ ኤ16፣ ኮክሳኪ ኤ6 እና ኢንትሮቫይረስ ኤ71 የተባሉት በዋነኛነት ይጠቀሳሉ። የፖሊዮ ቫይረስም የዚሁ ወገን አባል ነው። ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1957 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ በተከሰተ ወረርሽኝ ተለይቶ የተገለጸ ሲሆን፣ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከ2 ዓመት በኋላ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከታየው ወረርሽኝ ጋር በተያያዘ ነው።

ስያሜው ግን በኢትዮጵያ ለአንድ የተሳሳተ ግምት በር ይከፍታል። ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው አፍና እግር በአንድነት ሲጠሩ ወደ አእምሮው የሚመጣው የከብቶቹ አፍተግር ነው። የሁለቱ በሽታዎች ቫይረሶች በአንድ ሰፊ ቤተሰብ ሥር ይመደቡ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ሰው የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታን ከከብት አይወስድም፤ ለከብትም አያስተላልፍም። በመሆኑም ሕመሙ በታየበት ቤት ወተትና ሥጋ መሸሽ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በምራቅና በንፍጥ፣ ውኃ ከቋጠረው ሽፍታ በሚወጣ ፈሳሽና በተለይም በዓይነ ምድር በተበከለ እጅ አማካይነት ነው።

በሽታው በዓለም ላይ አሳሳቢ ገጽታ ይዞ የታየው በእስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታይዋን በኢንትሮቫይረስ ኤ71 ሳቢያ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ከ129 ሺህ በላይ ታማሚዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ 405ቱ በጠና ታመው 78ቱ ሕይወታቸው አልፏል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው በግዴታ ሪፖርት እንዲደረግ የወሰነች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ለኢንትሮቫይረስ ኤ71 የተዘጋጀ ክትባት ሥራ ላይ እንዲውል ፈቅዳለች። ክትባቱ ግን በኮክሳኪ ኤ6ም ሆነ በኤ16 የሚመጣውን ሕመም አይከላከልም። አዋቂዎችን በሚመለከት ደግሞ ዋነኛው ተጠቃሽ ኮክሳኪ ኤ6 ነው።

ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2008 በፊንላንድ በተከሰተ ወረርሽኝ ጎልቶ ከታየ በኋላ በበርካታ አገሮች ተስፋፍቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2011 እስከ የካቲት 2012 ባሉት ወራት ለአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሪፖርት ከተደረጉት 63 ታማሚዎች 15ቱ አዋቂዎች ነበሩ። ቀደም ሲል አዋቂዎች በቫይረሱ ቢያዙም ምልክት ሳያሳዩ ወይም ቀለል ባለ ሕመም ያልፉት እንደነበር ለሚያውቁ ሐኪሞች ይህ ያልተጠበቀ ነበር። ሽፍታውም በመዳፍና በውስጥ እግር ሳይወሰን በአፍ ዙሪያ፣ በክንድ፣ በጭንና በመቀመጫ ላይ ሰፍቶ የሚወጣ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ሰው በልጅነቱ በሽታው ይዞት ቢያልፍ እንኳ የሚያገኘው መከላከያ ለያዘው የቫይረስ ዓይነት እንጂ ለሁሉም አይደለም። ኤ16 የያዘው ሰው በኤ6 ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። ሌላም ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በዓይነ ምድር በተበከለ እጅ፣ ውኃና ምግብ የሚተላለፉ ቫይረሶች ንጽሕና ባልተሟላበት ኅብረተሰብ ውስጥ ሰውን የሚያገኙት ገና በጨቅላነቱ ሲሆን፣ የንጽሕና ሁኔታ እየተሻሻለ ሲሄድ የመጀመሪያው መያዝ ወደ ከፍ ያለ ዕድሜ ይሸጋገራል። በፖሊዮና የጉበት ብግነት ኤ በሚባለው በሽታ ታሪክ የታየው ይኸው ነበር። የመጸዳጃና የፍሳሽ አወጋገድ በአዲስ መልክ እየተደራጀ ባለበት እንደ ካዛንቺስ ባለ አካባቢ፣ ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኙ ለአቅመ ሥራ የሚደርሱ ወጣቶች ቁጥር ወደፊት ከፍ ሊል እንደሚችል ከዚህ በመነሳት መገመት ይቻላል። ዕድገት ያመጣው ጣጣ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም፤ ከቀድሞው ግን እጅግ የሚመረጥ ጣጣ ነው።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከ3 እስከ 6 ቀናት በኋላ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይጀምራል። በዚህ ደረጃ ሕመሙን ከጉንፋን መለየት አዳጋች ነው። ከ1 ወይም ከ2 ቀናት በኋላ በምላስ፣ በድድና በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል የሚያሙ ቁስሎች ይወጣሉ፤ ተከትሎም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ቀይ ነጠብጣቦችና ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ። አዋቂው ከሕፃኑ በተለየ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መራመድ፣ እስክሪብቶ መያዝ፣ በኮምፒውተር መጻፍና ትኩስ ነገር መጠጣት ያመዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ያለ ሕክምና ይድናል።

ትኩሳት ተነስቶ በአፍ ዙሪያ ቁስል ሲወጣ የከተማው ነዋሪ ቀድሞ የሚሰጠው ስም «ምች» የሚል ነው። ዳማከሴ ጨምቆ መቀባት፣ ማሽተትና በቡና መጠጣትም በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ዳማከሴው ቫይረሱን አያጠፋም፤ የአሳሳቢነቱ ምክንያት ግን ቅጠሉ ሳይሆን ስሙ ነው። ምች በፀሐይና በሽታ የሚመጣ እንጂ ከሰው የሚተላለፍ ነው ተብሎ ስለማይታመን፣ ምች መታኝ ያለ ሠራተኛ ራሱን ከፀሐይ ይከልላል እንጂ እጁን ከባልደረቦቹ አይሰበስብም። በአንድ ትሪ ይበላል፤ ያጎርሳል፤ ይጎርሳል፤ የባልደረባውን ሕፃን ይስማል። በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ቫይረሱ ይበልጥ የሚተላለፍበት ጊዜ ነው።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ መዋጥ ነው። ሕመሙ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ይህ ገንዘብ ከማባከንና የመድኃኒት መላመድን ከማባባስ ውጪ ጥቅም የለውም። ለሕመሙ ተለይቶ የተሠራ መድኃኒት ባለመኖሩ ሐኪሞች የሚያዙት ለትኩሳትና ለሥቃይ ፓራሲታሞል፣ በርከት ያለ ቀዝቃዛ ፈሳሽና ዕረፍት ነው። ለሕፃናት አስፕሪን አይሰጥም።

ታማሚው ድኛለሁ ብሎ ከዘነጋው በኋላ የሚመጣ አንድ ነገርም አለ። በተለይ በኮክሳኪ ኤ6 ከተያዙት አንዳንዶቹ ከሳምንታት በኋላ የመዳፋቸው ቆዳ ይላጣል፤ የእጅና የእግር ጥፍራቸውም ከሥሩ እየተላቀቀ ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን ከወር በፊት ከነበረው ትኩሳት ጋር ስለማያያይዘው የፈንገስ መድኃኒት እየገዛ ይቀባል፤ አንዳንዱም ከባድ የውስጥ በሽታ እንዳለበት ተጠራጥሮ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ይንከራተታል። ጥፍሩ ያለ ምንም ሕክምና መልሶ ይበቅላል።

ሁሉም ታማሚ ግን በዕረፍት ብቻ ይድናል ማለት አይደለም። ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር፣ ግራ መጋባት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ፈሳሽ መውሰድ አለመቻል፣ ከ3 ቀናት በላይ የዘለቀ ትኩሳት ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቫይረሱ አልፎ አልፎ የአንጎል ሽፋንን፣ አንጎልንና የልብ ጡንቻን ሊያጠቃ ስለሚችል ነው። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። በነፍሰ ጡሮች ላይ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ቀላል ቢሆንም፣ እናቲቱ በመውለጃዋ ሰሞን ከታመመች ቫይረሱ ወደ ጨቅላው ሊተላለፍ ይችላል። እስከ መውለጃቸው ዋዜማ በሥራ ገበታቸው ላይ የሚቆዩ ሴት ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳሰበው የኤምፖክስ መከሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምፖክስ ዓለም አቀፍ ትኩረት የሚሻ የኅብረተሰብ ጤና አደጋ መሆኑን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2024 ያወጀ ሲሆን፣ አዋጁን ያነሳው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ነው። በዚህ መካከል የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጡት መግለጫ በሽታው በሞያሌ የ21 ቀን ዕድሜ ባለው ሕፃን ላይ መገኘቱን አስታውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጅና በፊት ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ በባልደረቦቹ ዓይን የሚታየው በሌላ መልክ ሆኗል።

ሁለቱ በሽታዎች በአዋቂ ላይ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና አፍን የሚነኩ በመሆናቸው ይመሳሰላሉ። የኤምፖክስ እብጠት ጠለቅና ጠጠር ያለ፣ መካከሉ ሰርጎድ የሚል፣ በብዙዎች ላይ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ከሚያብጡ ዕጢዎች ጋር አብሮ የሚታይና በብዙ ታማሚዎችም በብልት አካባቢ የሚወጣ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ይቆያል። የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ነጠብጣቦች ግን ትናንሽ፣ ሞላላና ከቆዳው ብዙም ከፍ የማይሉ ሆነው በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ጉድፍ በበኩሉ ከደረትና ከጀርባ ይጀምራል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ቂጥኝም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ያወጣል። ይሁንና እነዚህ ልዩነቶች ለሐኪም መነሻ ይሆናሉ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይበቁም፤ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ኤምፖክስ ተብለው ከተጠረጠሩት መካከል በርካቶቹ በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ጉድፍ ሆነው መገኘታቸው ለዚህ ማስረጃ ነው።

ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ዋጋ ያስከፍላል። ኤምፖክስን የልጆች ሽፍታ ነው ብሎ ማለፍ በሽታው ሳይታወቅ እንዲዛመት ያደርጋል። በተቃራኒው የ7 ቀን ሕመም የያዘውን ሠራተኛ ሳይመረመር በኤምፖክስ ጠርጥሮ ማግለል ሰውየውን ለሐሜት ይዳርጋል፤ ከዚያም በላይ የሚቀጥለው ታማሚ ሽፍታውን በረጅም እጅጌ ሸፍኖ እንዲመጣ ያስተምራል። በመሆኑም የሥራ ኃላፊ ድርሻ የበሽታውን ስም መገመት ሳይሆን ሠራተኛውን ወደ ጤና ተቋም መምራትና የምርመራውን ውጤት ምስጢር መጠበቅ ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቶቹ የሕፃናት ማቆያ ስንመለስ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናት ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። አዋጁ የወሊድ ፈቃድንም 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ እንዲሆን ወስኗል። የእናቶችን የሥራ ዋስትና ያጠናከረ፣ ለጡት ማጥባትም ዕድል የሰጠ እርምጃ በመሆኑ ፋይዳው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ዳይፐር የሚቀየርበት፣ መጫወቻ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ የሚዘዋወርበት ክፍል ለኢንትሮቫይረስ ከሁሉ የተመቸ ስፍራ መሆኑም እውነት ነው። ሞግዚቷ ዳይፐር ቀይራ እጇን በአግባቡ ሳትታጠብ ለሚቀጥለው ሕፃን ወተት ካዘጋጀች ማቆያው ሙሉ በሙሉ በአንድ ሳምንት ሊዳረስ ይችላል። ቀጥሎ የሚታመሙት ወላጆች ናቸው፤ ከወላጆቹ ቀጥሎ የወላጆቹ ባልደረቦች።

በዚህ ረገድ ከኮቪድ 19 ዘመን የተወረሰ አንድ ልማድ መታረም አለበት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአዲስ አበባ ከተገኘ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የአልኮል ሳኒታይዘር ማስቀመጥ የንጽሕና አጠባበቅ መለያ ሆኖ ቆይቷል። የኮሮና ቫይረስ በስብ ሽፋን የተከበበ በመሆኑ አልኮል ሽፋኑን ሰብሮ ያጠፋዋል። ኢንትሮቫይረስ ግን ይህ ሽፋን የለውም፤ ስለሆነም አልኮል በሚገባ አይበግረውም። በእጅ ላይ ያለውን ቫይረስ የሚያስወግደው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሽቶ መታጠብ ነው። በማቆያው በር ላይ ሳኒታይዘር አስቀምጦ በመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና የሌለው መሥሪያ ቤት የተጠነቀቀ ይመስለዋል እንጂ አልተጠነቀቀም። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሕንፃዎች ላይ ደግሞ የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ጉዳይ የጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ በዋነኛነት የጤና ጉዳይ ነው።

ዕቃና ወለልን ለማጽዳት በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና በቂ ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና 1 እጅ ከ49 እጅ ውኃ ጋር በማደባለቅ የሚገኘው 0.1 በመቶ ውህድ ለመጫወቻ፣ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ ያገለግላል። በዓይነ ምድር ወይም በትውከት ለቆሸሸ ቦታ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ ይሆናል። አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ፣ ውህዱንም ቀብቶ ለ10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡትን ዕቃ ደግሞ በንጹህ ውኃ አለቅልቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር የተከለከለ ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ቀን የስብሰባ ሻይ ቡና ወጪ የሚበልጥ አይመስልም።

ማቆያው ውስጥ ሕመሙ ሲታይ ቀድሞ የሚቀርበው ሐሳብ መዝጋት ነው። በአንዳንድ የእስያ አገሮች ሕመሙ ተራዝሞ የቀጠለባቸው ማቆያዎች ለጊዜው እንዲዘጉ ይደረጋል፤ ኢንትሮቫይረስ ኤ71 ሕፃናትን ሲገድል ያዩ አገሮች በመሆናቸው የሚያስገርም አይደለም። በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው ምክር ደግሞ ትኩሳት የሌለው፣ በአፉ ቁስል ምክንያት ከልክ በላይ የማያዝረበርብና ለመዋል የሚያስችል ጤንነት ያለው ሕፃን በማቆያው መቀጠል ይችላል የሚል ነው። የሁለተኛው አሠራር መነሻ፣ ቫይረሱ ከሕመሙ በኋላም በዓይነ ምድር ለሳምንታት የሚወጣ በመሆኑና ምልክት ሳያሳዩ የሚያስተላልፉ ሕፃናትና አዋቂዎችም ስላሉ፣ ሙሉ በሙሉ ከቫይረስ ነጻ እስኪሆኑ ይቆዩ ማለት የማይፈጸም ትእዛዝ መሆኑ ነው። ለካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶችም ይኸኛው የሚቀርብ ይመስላል። ማቆያው ሲዘጋ ሕፃናቱ ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ቤት ይበተናሉ፤ ሕመሙም አብሯቸው ይሄዳል። ትኩሳት ያለውንና ሽፍታው ያልደረቀውን ሕፃን ለይቶ በቤቱ ማቆየት፣ ለሌሎቹ ወላጆች በዕለቱ ማሳወቅና ጽዳቱን ማጥበቅ የተሻለ ውጤት አለው።

ይህ የሚሆነው ግን ወላጁ ከልጁ ጋር ቤት እንዲውል ሲፈቀድለት ነው። ልጇ በታመመ ቁጥር ፈቃድ ለመጠየቅ የምትሸማቀቅ እናት ሕፃኑ ማለዳ ላይ ያተኮሰውን በፓራሲታሞል አብርዳ ማቆያ ታስገባዋለች፤ ይህን በማድረጓ እርሷን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የሠራተኛው የራሱ ሕመምም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሠራተኛው በሕመም ምክንያት 3 ተከታታይ ቀናት ወይም በበጀት ዓመቱ ከ6 ቀናት በላይ ሲቀር የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቅ ነበር። የድንጋጌው መንፈስ ለአጭር ሕመም ፋታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሕጉ በሌሎች አዋጆች ቢተካም ለሥራ ኃላፊዎች የሚያስተላልፈው ሐሳብ አልተሻረም። በትኩሳቱ ወቅት 2 እና 3 ቀን የቀረ አንድ ሠራተኛ የሚያስከትለው የሥራ መጓተት፣ ገብቶ ቢሮውን ካስታመመ በኋላ ከሚመጣው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በቀጥታ ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ፣ ምግብ የሚያዘጋጁና በማቆያው የሚሠሩ ሠራተኞች ሽፍታው እስኪደርቅ ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወሩ ወይም ቢያርፉ ይመረጣል።

ቀሪው ጥያቄ ሕመሙ በአንድ መሥሪያ ቤት ተደጋግሞ ሲታይ ለማን ይነገር የሚለው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር መመሪያ 13 በሽታዎች ወዲያውኑ፣ 7 በሽታዎች ደግሞ በየሳምንቱ ሪፖርት እንዲደረጉ ሲወስን የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ከ20ዎቹ መካከል አልነበረም። ፖሊዮ፣ ኩፍኝና ኮሌራ ሕይወት በሚቀጥፉበት አገር የ10 ቀን ሽፍታ ቅድሚያ አለማግኘቱ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ኤምፖክስን ለማግኘት ሲባል እያንዳንዱ ያልታወቀ ሽፍታ መመርመር ስላለበት፣ አንድ ታማሚ ሲገኝ ባይሆንም በአንድ ማቆያ ወይም ቢሮ በተቀራራቢ ቀናት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲታመሙ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። መረጃው ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማውና ወደ ከተማ አስተዳደሩ ጤና ቢሮ ይሄዳል።

ለማረጋገጥም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው ብሔራዊ የፖሊዮ ላቦራቶሪ እጅ ወይም እግራቸው በድንገት ከዛለ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ልጆች የሚወሰድ የዓይነ ምድር ናሙና ሲመረምር ከፖሊዮ ውጪ ያሉ ኢንትሮቫይረሶችንም ይለያል። እንዲያውም በዓለም የፖሊዮ ላቦራቶሪዎች ዘንድ የእነዚህ ሌሎች ቫይረሶች መገኘት ናሙናው በተገቢው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ስለመድረሱ እንደ አንድ መለኪያ ያገለግላል። ከካዛንቺስ ማቆያ የሚወሰድ የጉሮሮ፣ የሽፍታ ፈሳሽ ወይም የዓይነ ምድር ናሙናም ጉለሌ ወደሚገኘው ኢንስቲትዩት ለመድረስ የሚያስፈልገው የበረዶ ሣጥን፣ በትክክል የተሞላ ቅጽና የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው።